በበርሜል የተፈለገ ወንዝ

የያቭኔው ወንዝ ፍለጋ ያስከፈለኝ ሦስት ነገር ነው፦ ቂርያት ማላኺ ሹክ፣ ማለትም ገበያው ውስጥ የነበረኝን የእህልና የቅመም ቦታ፣ የግራ ጉልበቴንና “እህል አውቃለሁ” እያልኩ ሃያ ዓመት የኖርኩበትን አፌን። ከሁሉም የከበደኝ ሦስተኛው ነው።

ከኮሮና ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ያቭኔ ላይ ፎቅ ቤቶች ሊሠሩ ነበር። በዚህ አገር አሮጌ ከተማ ያለበት መሬት ላይ መጀመሪያ የሚገባው የጥንት ቅርስ ቆፋሪ ነው፤ ግንበኛው ቀጥሎ ይመጣል። ገበያው ቀዝቅዞብኝ ስለነበር ለአንድ ወር ብዬ ተመዘገብኩ። ሚኒባሱ በንጋት ከእኛ ሰፈር አነሣን፤ ገዴራ ላይ ሌሎቹን ጭኖ ያቭኔ አወረደን። የቀን ሠራተኞቹ አለቃ ሺሞን ይባላል። ስም ጠራ፣ ባርኔጣ አደለ።

“ምን ትሠራ ነበር?” አለኝ።

“ነጋዴ ነኝ።”

“እዚህ የምትሸጠው የለም። ያላ፣ ቶሎ በል፣ ዶማ ያዝ።”

ሥራው ከውጭ ሲያዩት አፈር መዛቅ ነው። ውስጡ ሲገቡ ግን ሕግ አለው። የአፈሩ ቀለም ሲለወጥ ዶማው ይቀመጣል፤ ትንሿ የግንበኛ ማንኪያና ብሩሽ ይወጣሉ። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ባልዲ፣ እያንዳንዱ ባልዲ የራሱ ወረቀት አለው። ወረቀቱ የጠፋበት ባልዲ፣ ወርቅ ቢኖርበት እንኳ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አፈር ነው። ይህን ያስተማረችኝ የገዴራዋ እትዬ ወርቄ ናት፤ ከእኔ በፊት ሁለት ዓመት ቆፍራለች። “በርበሬና ሚጥሚጣ አትቀላቅልም አይደል? እንደዚያው ነው” አለችኝ። ገባኝ።

ቁፋሮውን ከሚመሩት ሊቃውንት ሌሎቹ ግንብና ማሰሮ ይፈልጋሉ። ዶክተር ኖአ ግን የምትፈልገው ጭቃ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

“ይህ ከተማ ወይን ጠጅ ይጠምቅ ነበር፤ ብዙ። ውሃው ከየት መጣ?” አለች። “የሶሬቅ ወንዝ ዛሬ ራቅ ብሎ ነው የሚያልፈው። የወንዙ አንድ ቅርንጫፍ እዚህ ሥር ያልፍ ነበር ብዬ አስባለሁ። ከተማው ቆሻሻውን እየደፋ ዘጋው።”

“ወንዙ ከተማውን ጥሎ ሄደ ማለትሽ ነው?”

“አይደለም። ከተማው ወንዙን አባረረው።”

ነጋዴ ነኝና ነገሩ ወዲያው ያዘኝ። ውሃውን ያባረረ ከተማ ደንበኛውን እንዳባረረ ሱቅ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ጭቃ መፈለግ ጀመርኩ።

በምሥራቅ በኩል ባገሩ፣ መቆፈሪያ መኪናው ማለት ነው፣ ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ ነበር። ከታች አንድ ስንዝር የሚሆን ጥቁር አፈር ታየ። ኖአ አራት ባልዲ አስወጣች። በማግሥቱ የአሸዋው ግድግዳ ተንዶ ታቹን ሸፈነው። ፎቅ የሚሠራው ተቋራጭ ደግሞ ክሬን ማቆም ስለፈለገ ቦዩ ሐሙስ ይሞላ አለ። የቁፋሮው ዋና ኃላፊ ለኖአ ቁርጡን ነገራት፦ “እስከ ረቡዕ ቀትር ወንዝ መሆኑን የሚያሳይ ነገር አምጪ። ካላመጣሽ ይሞላል።”

ማክሰኞ፣ አፈሩ በውሃ በሚታጠብበት በርሜል ላይ የምትሠራው ልጅ ታመመች። ኖአ ወደ እኔ መጣች። “እህል ነጋዴ ነህ አሉኝ። አፈሩን ውሃ ውስጥ አማስል፣ የተንሳፈፈውን ከዘቀጠው ለይልኝ። ቤሰደር?”

“ቤሰደር፣ እሺ” አልኩ። ለዚህ ለዚህማ ከእኔ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል?

እጄን እስከ ክርኔ ሰብስቤ ገባሁበት። ምስር እንደማጥብ አማሰልኩ፤ ላዩ ላይ የወጣውን ጥቁር ነገር በሳህን እየገፈፍኩ ወደ አጥሩ ደፋሁ። እትዬ ወርቄ፣ እሷም በርሜል ላይ ሠርታ የማታውቅ፣ አጠገቤ ቆማ ታይ ነበር። “እጅህ ይባረክ። እህል ማጠብ እንዲህ ነው” አለችኝ። አራቱም ባልዲ አለቀ። የዘቀጠው ጠጠር ጥርት ብሎ ቀረ፤ ገበያ ቢወጣ የሚያኮራ ነበር።

ኖአ ተመለሰች። “የተንሳፈፈው የታለ?”

“ደፋሁት።”

“ምኑን ነው የደፋኸው?”

“ግርዱን።”

ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። አልጮኸችም። “ታከለ፣ የምፈልገው እሱን ነበር” አለች። “የተቃጠለ ፍሬ ቀላል ነው፤ ይንሳፈፋል። ከወንዙ ዳር የነበረው ሁሉ ያ ግርድ ነው።”

ሺሞን ግን የእሷንም ድርሻ ጮኸብኝ። “ነገ ሹክህ ተመለስ!”

“የደፋሁበት መሬት አለ፤ እለቅመዋለሁ” አልኳት ኖአን።

“ከዘንድሮ ሣር ዘር ጋር ተቀላቅሏል። አይሆንም።”

“ቦዩስ? ገና አልተሞላም።”

“ግድግዳው ተንዶበታል።”

“አፈር ነው፤ ይነሣል።”

ወደ ሺሞን ዞርኩ። ባገሩን ለግማሽ ቀን ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። የእሱ ሰዎች የሚቆፍሩትን ጉድጓድ አሸዋ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ብቻዬን እንደማወጣ ቃል ገባሁ። ተከራክረን ተከራክረን ባገሩን ለአንድ ሰዓት ሊሰጠኝ ተስማማን። ከመጀመሪያውም የፈለግኩት አንድ ሰዓት ነበር።

ረቡዕ በጠዋት ባገሩ የቦዩን ጎን በደረጃ ቆርጦ አሰፋው፤ የተናደውንም አነሣ። ኖአ፣ እትዬ ወርቄና እኔ ወረድን። የመጨረሻውን አሸዋ በእጅ ጠረግነው። በግራ ጉልበቴ ተንበርክኬ አንድ ቦታ ላይ ብዙ ቆየሁ፤ ያን ጊዜ አልተሰማኝም። ማንኪያዋ ጥቁሩን አፈር ስትነካ ድምፅዋ ተለወጠ፤ አሸዋው ይንኮሻኮሻል፣ ይህ ግን ዝም ብሎ ይቆረጣል።

“መጣ” አለች እትዬ ወርቄ፣ ሰው እንደምትቀበል ሁሉ።

አራት ባልዲ ሞላን፣ ወረቀት አሰርን፣ ወደ በርሜሉ ሮጥን። ኖአ ስስ ጨርቅ የለበሰውን ወንፊት ያዘች፤ እኔ አማሰልኩ። መጀመሪያ አረፋ ብቻ ነበር። ከዚያ ጥቁር ነጥብ ብቅ አለ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ውሃው ፊት ተልባ የተበተነበት መሰለ።

“ይሄ የወይን ዘር ነው” አለች ኖአ። “ይሄ የሸምበቆ ስባሪ ነው። ሸምበቆ!”

እኔ አንዷን ቀጭን ፍሬ በጣቴ ጫፍ አነሣኋት። “ይቺ እንክርዳድ ናት።”

“እርግጠኛ ነህ?”

“በእሷ ምክንያት ከስንት ሰው ተጣልቻለሁ።”

ሥዕል ያለበትን መጽሐፏን ገልጣ በማጉያ መነጽር አመሳከረች። እንክርዳድ ነበረች። ቀጥላ ወንፊቱን ገለበጠችው፤ ከፍሬው መካከል አብረው የተንሳፈፉ፣ የጣት ጥፍር የማያክሉ ባዶ ሾጣጣ ቀንድ አውጣዎች ወጡ። “እነዚህ የሚኖሩት በሚፈስ ውሃ ውስጥ ብቻ ነው” አለችና እትዬ ወርቄን አቀፈቻት። እትዬ ወርቄ ለምን እንደታቀፈች ሳታውቅ መልሳ አቀፈቻት፤ ሁለቱም ጭቃ በጭቃ ሆኑ።

ኃላፊው ቀትር ላይ መጣ። ቀንድ አውጣዎቹን በኖአ ማጉያ መነጽር አየ። “ሦስት ቀን ጨምሬልሻለሁ” አላት።

በሦስት ቀን ውስጥ የወንዙን ዳር ተከትለን ሃያ እርምጃ ያህል ሄድን። ከታች ቀንድ አውጣ ያለበት ጭቃ አለ። ከላዩ አመድ፣ የተሰበረ ማሰሮ፣ የተጨመቀ የወይን ልጣጭ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደፍቷል። ኖአ ያለችው ልክ ነበር፤ ከተማው ወንዙን በገዛ ቆሻሻው ሞልቶታል። ከዚያ ቦዩ ተሞላ፤ ክሬኑ ቆመ።

ሺሞን አላባረረኝም። አሸዋውን ግን አንዲት ባልዲ ሳይምረኝ አስወጣኝ። ከዚያ በኋላ በርሜሉ ላይ ተመደብኩ፤ ቁፋሮው እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ አልተነሣሁም፤ የሹኩን ቦታዬንም በዚያው ሌላ ሰው ያዘው።

ለአዲስ ሠራተኞች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ሥራውን የምታውቁት ቢመስላችሁም፣ እዚህ ቤት ዕቃ የሚባለው የትኛው፣ ግርድ የሚባለው የትኛው እንደሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ። የመጀመሪያው አፈር ከወጣበት ቦታ የቀረ ስላልነበረ፣ ሁለተኛው የመጣው ከሌላኛው የቦዩ ጫፍ ነው። በኖአ መዝገብ ላይ የመጀመሪያዎቹ አራት ባልዲዎች ቦታ እስካሁን ባዶ ነው።