ገዳም የገባው ጠቦት

ዛሬ ከሰዓት ጣና ዳር ተቀምጠን ልጄ መጽሐፏን ዘጋችና ቀና ብላ አየችኝ።

መጽሐፉ ስለ አንዲት ልጅና ስለምትወደው ጠቦት ነው። ልጄ ማንበብ የለመደችው ዘንድሮ ነው፤ እስከዚያ የማነብላት እኔ ነበርሁ።

መጨረሻው ላይ ጠቦቱ ለበዓል ይታረዳል። እኔ ግን እዚያ ገጽ ስደርስ በታንኳ አሻግሬ ገዳም አስገባው ነበር። መነኮሳቱ ሥጋ አይበሉም፤ ከዚያ የተሻለ መሸሸጊያ ከየት ይመጣል።

"አባዬ፣ ጠቦቱ እኮ ታርዷል" አለችኝ።

"እ... አዎ" አልሁ።

ሐይቁን እያየች ትንሽ አሰበች። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው ጉልበቴን መታ መታ አድርጋ፣ "ለባቢ ስታነብለት ግን ገዳም አስገባው። እሱ ገና ልጅ ነው" አለች።

ባቢ ታናሽ ወንድሟ ነው። እሷ ራሷ ገና ስምንት ዓመት አልሞላትም።

እናንተንስ ማን በየትኛው ታሪክ አባበላችሁ? እስኪ አጫውቱኝ።

እኔ እናቴ ጋ ልደውል ነው። ልጅ ሳለሁ፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ በጌ የት እንደገባ ብጠይቃት "እግሩን አሞት ወንዛዬ ፍል ውኃ ሊታጠብ ሄዷል" ብላኝ ነበር።

እስካሁን አልተመለሰም።