ታጠቅና የጣቢያው ፒካፕ

ስለ ታጠቅ ክፉ የሚያወራ ሰው እኔ ፊት እንዳይቆም! ነግሬያለሁ፤ ደግሜም እነግራለሁ። እኔ ሀብትነሽ ከሽንፋ ወዲህ ባለው የሰሊጥ እርሻ ለአጫጆች ወጥ ስሠራ ነው ያረጀሁት። ስንቱ መጥቶ ስንቱ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ሰው አውቃለሁ።

ታጠቅ ፖሊስ ነው። ድሮ ግን እንደ ሌላው ጎበዝ ሁሉ ሰሊጥ ሊያጭድ ከደንቢያ ወርዶ፣ እኔው ያበሰልሁትን በልቶ፣ እዚሁ የቀረ ልጅ ነው። መንዳት የለመደውም በወንድሜ በቢሆነኝ ትራክተር ነው። ፖሊስ ሆኖ የጣቢያውን ፒካፕ ሲሰጡት፣ አቤት! ሚስት የዳሩለት ነበር የመሰለው። በዚህ ውሃ በሌለበት አገር ጠዋት ጠዋት ያጥባታል። አፉ ግን ዝግ ነው፤ ሰላምታ እንኳ ካልጎተቱት አይወጣውም።

አምና በአጨዳ ጊዜ ወንበዴዎች ቢሆነኝን ከነትራክተሩ መንገድ ላይ አስቆሙት። ጩኸቱ እስከ አጫጆቹ ካምፕ ድረስ ይሰማ ነበር። ወደ ጣቢያው ደወልሁ። «መኪናዋ ለሥራ ወጥታለች» አሉኝ። ደግሜ ደወልሁ፤ መልሱ ያው ነው። ወንድሜን በሰደፍ ቀጥቅጠው ጥለውት ሄዱ። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ ዓይኑ ግን ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ከገንዳ ውሃ ከተማ የምክር ቤት ኮሚቴ መጣ። የፖሊስ መኪናና ነዳጅ ለምን እንደሚውል ሕዝቡን ሊጠይቁ ነው ተባለና ትምህርት ቤቱ ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ይባላሉ፤ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ተነሥቼ የደረሰብንን ተናገርሁ። የጣቢያው ኃላፊ ፈገግ ብሎ፣ «እናታችን አዝነው ነው፤ መኪናዋ ያን ቀን ቅኝት ላይ ነበረች» አለ። በሰው መሀል ቀጣፊ ሆኜ ልቀር ነው አልሁ።

ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ታጠቅ ነው።

«እትዬ ሀብትነሽ ያሉት እውነት ነው» አለ። «ቅኝት አልነበርሁም። ታዝዤ ለሠርግ ሚዜ ጭኜ ጎንደር ነበርሁ። መኪናዋ ላይ አበባውን ያሰርሁም እኔ ነኝ።»

ኧረ በማርያም! አለቃው ፊት ለፊት ተቀምጦ! እኔማ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ኮሚቴው ፒካፗ ከቅኝት ሌላ የትም እንዳትሄድ፣ ነዳጇም የት እንደዋለ በየወሩ ለሕዝብ እንዲነገር ወሰነ። ኃላፊውም ከሹመቱ ተነሣ። ወንበሩን ከመልቀቁ በፊት ግን ቂሙን ተወጣ፤ ታጠቅን ከመሪው አውርዶ ለእግር ጥበቃ መደበው። «እውነት ተናግሮ እመሸበት ማደር» ይላል የአገሬ ሰው፤ ታጠቅም በዚያ ሐሩር ጠመንጃውን ተሸክሞ ድልድዩ ላይ ሲቆም ከረመ። ፒካፗ ስታልፍ በዓይኑ ይከተላታል።

«አይከፋህም ልጄ?» ስለው፣

«ማርሿን ሲያንቋቁባት ነው የሚከፋኝ» አለኝ።

ዘንድሮ ደግሞ ወንበዴዎቹ ካምፓችን ድረስ መጡ። ከራኩባው፣ ከሳር ዳሳችን ጓሮ ተደብቄ ደወልሁ። «ለሥራ ወጥታለች» ሊሉኝ ነው ብዬ ነበር። ወጡ ሳያርር የፒካፗን ድምፅ ሰማሁ! ወንበዴዎቹ በየቁጥቋጦው ተበተኑ፤ ከአጫጆቹ ልጆች አንድም የተጫረ የለ። መሬት ሳምሁ። መጀመሪያ አምላኬን አመሰገንሁ፤ ቀጥዬ እውነቱን የተናገረልንን ታጠቅን።

ኮሚቴው ዘንድሮም መጣ። «አሁንስ ምን ጎደላችሁ?» አሉ ወይዘሮ የዓለምወርቅ።

ብድግ አልሁ። «መኪናዋ ደርሳልናለች፣ እግዜር ይስጥልን። አሁን ሹፌሯን መልሱልን! እኛን ያዳነ ሰው ለምን ይቀጣል?»

ቢሆነኝ በአንድ ዓይኑ እያየ ተነሥቶ አጠገቤ ቆመ። አጫጆቹም ተነሡ፤ የጎጃሙም፣ የወሎውም። አዲሱ ኃላፊ ሰዉን ቢያይ፣ «እኔ እዚያው ተመድቦ ነው ያገኘሁት» ብሎ አፈረና ቁልፉን አስመጣ። ታጠቅ በሁለት እጁ ተቀበለው።

ስብሰባው ተበትኖ ወደ ካምፕ መንገድ ስጀምር ፒካፗ አጠገቤ ቆመች። ታጠቅ በሩን ከፈተልኝ።

«ይግቡ እትዬ፤ በዚህ ፀሐይማ በእግር አይሄዱም። ካምፕ ላድርስዎ።»

«አንተ!» አልሁት። «ደግሞ በእኔ ልትጀምር ነው? ሚዜ መሰልሁህ?»

ክው አለ። ከዚያ ሳቀ፤ ያ ዝምተኛ ልጅ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። በሩን ዘጋና ወደ ቅኝቱ ሄደ። እኔም ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ፣ እየመረቅሁት፣ በእግሬ ገባሁ።