ሽሮ ውስጥ የተቀበረው ማይክሮስኮፕ

ዛሬም እማዬ ሽሮ ጥዳ፣ ጎረቤታችን ደግሞ የሞተሩን ዕቃ በቤንዚን ሲያጥብ፣ ሁለቱ ሽታ ተቀላቅሎ ይመጣና ሪያድ፣ መንፉሐ ሰፈር የነበረችው አንድ ክፍል ቤታችን ትደቀንብኛለች።

በዚያ በጋ፣ ግድግዳው ራሱ ሲያተኩስ፣ አገር ቤት የላብራቶሪ ሠራተኛ የነበረው አባዬ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አንድ የነሐስ ማይክሮስኮፕ እየፈታታ በቤንዚን ያጥብ ነበር። ሱለይማኒያ ሰፈር የሚኖሩ ሽማግሌ ሐኪም ናቸው የተማሩበትን ሰጥተውት፣ «እንደ ድሮው ካሳየኝ ከፊል እሆንሃለሁ፣ በስሜ ዋስ ሆኜ አስቀጥርሃለሁ» ያሉት። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት፣ አልነበረንም፤ መንግሥት ወረቀት ለሌላቸው የሰጠው የምህረት ጊዜ ሳያልቅ ከፊል ካላገኘን መባረር ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ቢሆንም ይህን እንደ ስሜ አውቀው ነበር።

አባዬ የተሰበረውን መስታወት በእማዬ የፑደር መስታወት ተካ፣ ያለቀውን የማርሽ ጥርስ ከነሐስ ቁራጭ በሞረድ ፍቆ ሠራ፣ የጎደለችውን ብሎን ከአሮጌ መነጽር ነቅሎ ገጠመ። እማዬም «ጣውንት አመጣህብኝ እኮ!» እያለች ታሾፍበት ነበር።

ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ምህረቱ ሳያልቅም ፖሊሶች ቤት ለቤት እየገቡ ይይዛሉ የሚል ወሬ መጣና በር በተንኳኳ ቁጥር መብራት አጥፍተን እናዳምጥ ጀመር። ምህረቱ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ማይክሮስኮፑ አለቀ፤ በማግስቱ ሊያስረክብ አባዬ ግሪስ ቀብቶት እንደወጣ፣ በሩ በኃይል ተደበደበ። እማዬ «ከየት ሰረቃችሁት ይሉናል!» ብላ፣ ያን የሚያክል ነሐስ አንስታ የሽሮ ዱቄቱ ባልዲ ውስጥ ቀበረችው። በሩን ስትከፍት የጎን ክፍሏ ጎረቤታችን ናት፣ ወንፊታችንን ልትመልስ።

«ምነው አፈር በበላሁ!» አለች እማዬ፣ ጭንቅላቷን ይዛ።

ሽሮው ግሪሱ ላይ ተለጥፎ፣ በየጥርሱ ገብቶ፣ ሌንሱ ውስጥ ሳይቀር ዘልቆ ነበር። አባዬ ተመልሶ ሲያይ አልተቆጣም፤ ምነው በተቆጣ! «አብሽሪ፣ ይታጠባል» ብሎ ብሎን በብሎን እንደገና ፈታው። ቀን ከሌት ቢለፋም አሥር ቀን ፈጀበት፣ ምህረቱ ግን በሰባተኛው አለቀ።

ይዞኝ ሄዶ ሲያስረክብ፣ ሐኪሙ ጎንበስ ብለው አዩና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እሱ ራሱ ነው» አሉ። ቀና ብለውም «አሁን ግን ኸላስ፣ ጊዜው አልፏል። ምን ነክቶህ ዘገየህ?» ሲሉት፣ አባዬ መሬት መሬት እያየ «እጄ ተሳስቶ ነው፣ ዶክተር» አለ። እኔ የያዝኩትን እጁን አየሁት። ብርዱ ሳይወጣ ሻንጣችንን ይዘን ሄደን ለፖሊስ እጃችንን ሰጠን።

ዛሬ ደሴ ነን፤ እኔም የላብራቶሪ ሠራተኛ ሆኛለሁ፣ የማይክሮስኮፔ አምፖል ሲቃጠል አዲስ ይቀየርልኛል። አባዬ ያን ነገር አንድም ቀን እማዬ ላይ አንስቶ አያውቅም። ያኔ በር ሲመታ እማዬ የሽሮውን ባልዲ ከፍታ ነበር፤ ዛሬ በገዛ ቤታችን፣ የሚፈልገን ፖሊስ በሌለበት አገር፣ በር ሲንኳኳ መጀመሪያ ተነስታ የሽሮውን ዕቃ ግጥም አድርጋ ትከድናለች፤ «ማነው?» የምትለው ከዚያ በኋላ ነው።