የየኔታ የእንቅልፍ ቀኖና

የአክስቴ የወለተ ሐዋርያት ባል፣ የኔታ ገብረ ኪዳን፣ ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብላ ባለች ደብር ድጓ ያስተምሩ ነበር። እኔ እነሱ ቤት ነው ያደግሁት። ስለሳቸው መጻፍ ያስፈራኛል፤ ዜማ ያበላሸን ሰው የሚያዩት አስተያየት አለ። ቢሆንም እንደማውቃቸው እላለሁ።

በበጋ ቤቱ የሚሞቀው በሳቸው ነው። ይቀልዳሉ፣ ያዜማሉ፣ በቅሎዋን ሳይቀር ይሰድባሉ። ሐምሌ ገብቶ ጉም ደጃፉ ላይ ሲተኛ ግን እሳቸውም ይተኛሉ። ነጋ ሲሏቸው ይነሱና ተማሪ ፊት ቁጭ ብለው ያንቀላፋሉ። ሲነቁም "ምን ሊረባኝ ነው" ይላሉ፣ ስለ ሁሉም ነገር። እህል ግን ይበላሉ፣ እንዲያውም ከበጋው ይልቅ። መስከረም ሲጠባ ምንም እንዳልነበረ ይሆናሉ። አንዳንዱ ዛር ነው ይላል፣ አንዳንዱ ስንፍና።

በ1999 ክረምት ግን ነገሩ ከፋ። በሐምሌ ሥላሴ ማኅሌት መቋሚያቸውን እንደተደገፉ፣ በቁማቸው ተኙ። የሰበካው ሽማግሌ አቶ ደመላሽ መጥተው "እስከ ፍልሰታ ካልነቁ ወንበሩን ለሌላ መምህር እንሰጣለን" አሉ። የኔታ ከማስተማር ሌላ ሙያ የላቸውም። አክስቴ አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት መኪና አሳፍራ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው፤ እኔም ተከተልኩ።

ያየቻቸው እስከዳር የምትባል ልጅ እግር ነርስ ናት። "የእንቅልፍዎን ልክ የምናውቅበት ጥያቄ አለ" ብላ ጀመረች።

"ተቀምጠው ሲያነቡ ያንቀላፋሉ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ሰው እያነጋገረዎትስ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ይመስገን ማለት፣ አላንቀላፋም ማለት ነው?"

"እንደሱ ያዥው።"

"መኪና ላይስ?"

"ይመስገን አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።"

አክስቴ አልቻለችም። "ኧረ የኔታ! ከአማኑኤል እስከዚህ ትከሻዬ ላይ ሲያንኮራፉ አልነበር? ይኸው ደንዝዟል!"

"አንቺ ሴት፣ ዝም በይ።"

"እንዲያ ከሆነ ዜሮ ነው የሚወጣልዎት" አለች ነርሷ። "ጤነኛ ነዎት ብዬ ልመልስዎት ነው።"

ያኔ የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እነዚህን አስወጪልኝ።"

ወጣን። ውስጥ የሆነውን ራሳቸው ናቸው በጥቅምት እየሳቁ የነገሩን። ለካ ጥያቄው ሁሉ የንስሐ መስሏቸው ኖሯል! ንስሐ ደግሞ ሚስት ፊት አይነገርም። እኛ ስንወጣ ዘረገፉት፦ ሲያነቡ፣ ሲያስተምሩ፣ መኪና ላይ፣ በቅሎ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ቀን ምን ያህል፣ ሌሊት ምን ያህል እንደሚተኙ፤ ክረምት ሲገባ ልባቸው እንዴት እንደሚጨልም። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው "በይ፣ ቀኖናዬን ንገሪኝ" አሏት።

እስከዳር ሳቋን ዋጠች። "ይሄ ኃጢአት አይደለም፣ የኔታ። ሕመም ነው፤ ክረምት ጠብቆ የሚመጣ ድባቴ።"

"ሕመምም ቢሆን ቀኖናውን ስጪኝ።"

እሷም ብልህ ናት። ኪኒን ሰጠቻቸውና "ገና ሲነጋ ተነስተው ደጅ ይቀመጡ። ደመናም ቢሆን ብርሃኑ ፊትዎን ይንካው። ቀን አይተኙ። ከርሞ ደግሞ ሳይብስብዎት በሰኔ ይምጡ" አለቻቸው።

ኪኒኑን አንዳንዴ ይረሱታል። ቀኖና ግን ቀኖና ነው። በማግስቱ የዝናብ ገሳቸውን ደርበው ደጅ ተቀመጡ፣ ተማሪዎቹን ዙሪያቸው ሰብስበው። ዝናብ አይሉ፣ ብርድ አይሉ።

ፍልሰታ ሊገባ ሲል አቶ ደመላሽ ቁርጡን ሊነግሯቸው መጡ።

"የኔታ፣ ዝናቡ አይታይዎትም?"

"ቀኖና ላይ ነኝ።"

"ምን በድለው?"

"ተኝቼ። የሰጠችኝም ሴት ናት፣ ማርቆስ ነው ያለችው።"

አቶ ደመላሽ ሊስቁም ሊቆጡም ቃጣቸው። እንደቆሙ አንድ ተማሪ ዜማውን ሳተ። የኔታ "ከላይ መልስ" አሉት። ድምፃቸው ገና ደካማ ነው፣ ዓይናቸው ግን ተገልጧል። ተማሪው መለሰ፤ አሁንም ሳተ። "መልስ ብያለሁ!"

ሽማግሌው ይህን ሲያዩ ቆዩና "የፍልሰታውን ማኅሌት ሌላ ሰው ይምራው፤ እርስዎ ይረፉ" አሉ። "ወንበሩ ግን የርስዎ ነው፣ አንነካውም።"

አክስቴ ከበሩ ኋላ ትሰማ ኖሯል። ወጥታ እልልታዋን ስታቀልጠው የኔታ ፊታቸውን ወደሷ አዞሩ። "ቀስ በይ እንጂ፣ ልጆቹ እያጠኑ ነው!"