በሁዳዴ የተመታው ድራም

የላህ ባንድን የማያውቅ የፍኖተ ሰላም ሰው ቢኖር ልጅ ነው፤ ልጅም ቢሆን በአባቱ ቤት አንድ የቆየ ካሴት አያጣም። የባንዱ ድራም መቺ ስመኘው ጎረቤቴ ነው። ቤታችንን የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ስለሆነ፣ የምጽፈው ያየሁትን፣ ከራሱ አፍ የሰማሁትንና ባልደረባው የነገረኝን ብቻ ነው።

ስመኘው በልጅነቱ ገበዝ ማርያም ደብር አቋቋም ተምሯል፤ ከበሮና ጸናጽል ተይዞ የሚዜምበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ሳይጨርሰው በደርግ ጊዜ የኪነት ቡድን ወሰደው። እዚያ ጊታር ከሚጫወተው ከአድማሴ ጋር ተገናኘ። ኪነቱ ሲፈርስ ሁለቱ አልተለያዩም፤ ባንድ አቆሙ።

ዘፈናቸው ረጅም ነበር። እንደ ማኅሌት ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ መሐል ላይ ምቱ ይለወጣል፤ ደግሞ ይለወጣል፤ ወደ መጨረሻው ይፈጥናል። አንዱ ዘፈን ብቻውን የካሴቱን አንድ ገጽ ይጨርሳል። ሠርግ ላይ ሲጫወቱ እስክስታ የጀመረ ሰው ትከሻው መሐል መንገድ ላይ ይቀር ነበር። አንዲት የሙሽራ እናት “የምትዘፍኑት ለቆመ ሰው ነው ለተቀመጠ?” ብለው ጠይቀዋቸዋል። ከዚያ ወዲያ ለሠርግ የጠራቸው ጥቂት ነው። የሚወዷቸው ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወርዱ የጭነት ሾፌሮች ነበሩ፤ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ረጅም ዘፈን ይፈልጋሉ።

ስመኘው ዓለማዊ ዘፈን ውስጥ ቢኖርም አንድ ሕግ አልጣሰም። በሁዳዴ አይመታም። ቤተ ክርስቲያን ራሷ በዚያ ጾም ከበሮዋን ታስቀምጣለች፤ ካህናቱ በመቋሚያ ብቻ ያዜማሉ። በኪነት ጊዜ ካድሬው በጾም ለቅስቀሳ ውጡ ሲል፣ ስመኘው እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ወለም ብሎኛል ይላል። በየዓመቱ በዚያው ወቅት ያው እጅ ወለም ይላል። ካድሬውም የገጠር ልጅ ነበርና አውቆ ዝም ይል ነበር።

ባለፈው ጳጉሜ ሚስቱ አምለሰት ሞተች። ሐኪሞቹ ወደ ባሕር ዳር ውሰዷት ብለው ነበር። መንገዱ ተዘግቶ ሰነበተ፤ ሲከፈት እሷ የለችም። ስመኘው አላለቀሰም። በቀብሯም በተዝካሯም ለሰው ወንበር ሲያቀርብ፣ ጠላ ሲያስቀዳ አየሁት። ከድንኳኑ ጥግ አንድ ሰው “ድራም ሲደበድብ የኖረ እጅ ለሚስቱ ደረቱን መምታት አቃተው” አለ። ስመኘው ሰማው፤ አልተቆጣም። ኋላ ነገሩን ሳነሳበት ሰውየው እውነቱን ነው አለኝ። ምግቡ ጣዕም እንደሌለው፣ እሳት ቢነካው እንኳ የሚያቃጥለው እንደማይመስለው ነገረኝ። ይህን ሲናገር ድምፁ የገበያ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ነበር።

በጥር አድማሴ አዲስ አልበም እንቅዳ ብሎ መጣ። ከበፊቶቹ የከበደ እንዲሆን ይፈልጋል። በዘፈናቸው የነበረውን ዋሽንት አስወጥቷል፤ ጊታሩን ድምፅ ከሚያሻክር ፔዳል ጋር አገናኝቷል። እዚያው ሰፈራችን ካለው ቤቱ ሲለማመድ እኔ ግቢ ወፍጮ ቤት የተከፈተ ይመስል ነበር። መቅጃ ቤቱ ቡሬ ነው። ባለቤቱ፣ ይታገሱ የሚባለው፣ ከፋሲካ በፊት ዕቃውን ሸጦ አዲስ አበባ ሊገባ ተነስቷል። ባዶ ቀን ያገኘላቸው በሁዳዴ መሐል ነው፤ ሌሎች ዘፋኞች በጾም አይቀዱምና።

ይታገሱ የስመኘውን ሕግ ሲሰማ አልተቸገረም። “ጋሼ፣ እርስዎ ይረፉ። ድራሙን እኔ በኮምፒውተር እሠራዋለሁ። ማንም አይለየውም።”

“እኔ እለየዋለሁ” አለ አድማሴ። ወዲያው ግን ወደ ስመኘው ዞሮ፣ ዕድሜያቸው እንደማይመለስ፣ ይህን ሳይቀዳ መሞት እንደማይፈልግ ነገረው። እንቢ ካለ በኮምፒውተሩ ይቀጥላል ማለቱ ነው። አምለሰት ከሞተች ወዲህ ለስመኘው የቀረለት ያ ባንድ ብቻ ነበር።

እጁን ጠቅልሎ ይቀራል ብዬ ነበር። ጥቁር ሸሚዙን እንደለበሰ ሚኒባስ ተሳፍሮ ቡሬ ሄደ። ክፍሉ ከእህል መጋዘን ጀርባ ነው፤ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፎበታል። አድማሴ እንዳጫወተኝ፣ ስመኘው ዱላዎቹን አንስቶ ሳይመታ ቆየ። ኋላ ስጠይቀው ፍርሃቱን እየጠበቅሁ ነበር አለኝ። በሁዳዴ ለመምታት እጁን ያነሳ ሰው መፍራት ነበረበት። ፍርሃቱ አልመጣም። መታ።

ዕድሜውን ሙሉ ምት ሲለዋውጥ የኖረ ሰው ያን ቀን አንድ ምት ብቻ መታ፤ ከባድና እኩል፣ እንደ ሙቀጫ። አድማሴ በጊታሩ እየጎተተ ወደ ፈጣኑ ሊያወጣው ሞከረ። አልወጣለትም። በመጨረሻ አድማሴም መጎተቱን ተወና በዚያው ምት ላይ ተጫወተ። አልበሙ እንደዚያው አለቀ።

አሁን በየስልኩ ይዞራል። የኮሌጅ ልጆች “ሽማግሌዎቹ ተናደዱ” እያሉ ይወዱታል። እኔ ግን ንዴት አልሰማሁበትም። የተናደደ ሰው ወይ ይፈጥናል ወይ ይስታል። እሱ አልፈጠነም፤ አልሳተም።

ከቡሬ በተመለሰ ማግስት ወደ ንስሐ አባቱ ወደ ቄስ ዘሚካኤል ሄደ። ቄሱ ስትመታ ምን ተሰማህ ብለው ጠየቁት። ምንም አለ። ከመታህ በኋላስ አሉት። ያኔም ምንም አለ።

“ታዲያ ለምን መጣህ?”

“ይቆጡኛል ብዬ ነው፣ አባ።”

ቄሱ አልተቆጡም። ስግደት ሰጥተው አሰናበቱት። ስግደቱን በየማለዳው ሲሰግድ በአጥሩ በኩል አየው ነበር። ሲጨርስ አቧራውን አራግፎ ይገባል።

በስቅለት ዕለት ሕዝቡ ሲሰግድ ውሎ፣ ማምሻው ላይ ካህናቱ የወይራ ቅርንጫፍ ይዘው ቆሙ። እንደ ወጉ፣ እያንዳንዱ ሰው በደሉን ተናግሮ ይጎነበሳል፤ በቅጠሉ ጀርባው ይጠበጠብና ይሄዳል። እኔ ከስመኘው ኋላ ነበርኩ። ቄስ ዘሚካኤል እንደ ሌላው ሁሉ ቀስ አድርገው ጠበጠቡት። ከጎነበሰበት አልተነሳም።

“ይድገሙኝ፣ አባ።”

ደገሙት።

“ጠንከር ያድርጉት።”

ከኋላችን አንዲት ሴት “ኃጢአተኛ እሱ ብቻ ነው? ለእኛም ያስተርፍልን እንጂ” አለች። አንዳንዱ ሳቀ። ቄሱ አልሳቁም። ቅጠሉን ከቅርንጫፉ አራግፈው በእንጨቱ መቱት። ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማ።

“አሁንስ ተሰማህ?” አሉት ዝቅ ብለው።

ስመኘው እንደጎነበሰ “ትንሽ” አለ።

ቄሱ ሌላ ወይራ አነሱ።