ዐፊፋ ያስከለከለችው ጫካ

ዐፊፋ በአራዳ ገበያ ማር ሻጭ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ብቻዋን ትኖራለች፤ ማሩን ከምንጃር ቆላ የሚልክላት ታላቅ ወንድሟ እንድሪስ ነው። የዚያ ቆላ የግራር ጫካ ዝናብ ብርቁ ነው፤ በበጋ ላየው የሞተ ይመስላል። አበባ ሲያወጣ ግን ንቡ አያስጠጋም።

አንድ ዓመት እንድሪስ ባዶ እጁን መጣ።

“ዘርኡ የሚባል የከሰል ነጋዴ መጥረቢያ የያዙ ሰዎች አሰልፎ ጫካው ውስጥ ገባ። ቀፎውን ከነዛፉ ጣለው።”

“እናንተስ ጋሼ፣ ዝም አላችሁ?”

“ምን እናድርግ? ጉልበት አለው።”

ዘርኡን ታውቀዋለች፤ ከሰሉን የሚያራግፈው ከመደቧ ፊት ለፊት ነው። በማግስቱ ገበያው ጢም ብሎ ሳለ “በሕግ አምላክ!” ብላ አስቆመችው። እንደ ጥንቱ የሙግት ደንብ የነጠላዋን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ጋር ቋጠረችና ወንድሟን አስከትላ ወደ ዳኛ አመራች።

“ልቀቂኝ፣ አንቺ ሴትዮ! በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?”

“ዳኛ ይፍታን።”

ዳኛው ፊት ቆማ ከጫካው ይውጣልኝ ብላ ከሰሰች፤ ዘርኡ ግን “ጌታዬ፣ እኔ ብወጣ ወንድሟ ይቆርጠዋል። አምና እንጨት የሸጠልኝ ማን ሆነና?” አለ።

ዐፊፋ ዞራ ወንድሟን አየችው። እንድሪስ አቀረቀረ።

እሷም ወደ ዳኛው አንድ እርምጃ ቀረበች። “እንግዲያው ለእኛም አይፈረድልን። ጫካው ከእሱም ከእኛም ይከልከል። እርጥብ እንጨት የቆረጠ ሁሉ፣ የእናቴ ልጅም ቢሆን፣ ይቀጣ።”

“ዐፊፋ!” አለ እንድሪስ።

“ተናገርኩ።”

ዳኛው ከሳሽ በራሱ ወገን ላይ ሲፈርድ አይተው አያውቁም፤ ደግመው ጠየቋት፤ ደግማ ተናገረች። የአገር ሽማግሌዎች ጫካውን ዞረው የወሰን ድንጋይ እንዲተክሉ፣ ቀፎ ከመስቀልና የወደቀ ጭራሮ ከመልቀም በቀር ሁሉም ነገር ክልክል እንዲሆን ፈረዱ። ትእዛዙም በቆላው ገበያ ተለፈፈ።

እንድሪስ ከዚያ ወዲያ ማር አልላከም። የከሰል ነጋዴዎቹም ደንበኞቿን እያሸሹ መደቧን ጭር አደረጉባት።

ጎረቤቷ አስካለ አዘነችላት። “ወንድምሽን ይቅርታ ጠይቂውና እንጀራሽን ብዪ።”

“ምን አጠፋሁ ብዬ?”

ክረምቱ ሲወጣ ዐፊፋ ቀፎ አሠርታ፣ በአህያ አስጭና ወደ ቆላ ወረደች። በእንድሪስ ደጅ ስታልፍ ሰላምታ አቀረበች፤ በሩን ዘጋባት። ከጫካው ስትደርስ፣ መንደርተኛው ወንድሟን ስለፈራ ቀፎዋን የሚሰቅልላት ሰው ጠፋ። ቀሚሷን ሸብ አደረገችና የቀፎውን ገመድ ራሷ ወደ ቅርንጫፉ ወረወረች።