አምስተኛው ለምን

ኢብሴ ቡሬ ተወልዳ መቱ የተዳረች ሴት ናት። ምላሷ ስለታም ነው። ነጋዴ እርጥብ ዋንዛ ደረቅ ነው ብሎ ሊሸጥላት ሲሞክር ጣውላውን በጥፍሯ ጫር አድርጋ፣ አሽትታ፣ ገበያ መሃል ታሳፍረዋለች። የቢሮ ሰው "ነገ ነይ" ካላት "የትኛው ነገ?" ብላ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። እኔም ቁም ሳጥን ሳሠራ ምላሷን ቀምሻለሁ። እንዲህ ያለች ሴት አንዲት ነገር መናገር እንዴት እንዳቃታት ሳስበው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የምትሠራበት የእንጨት ሥራ ማህበር ወደ ቡሬ መውጫው ላይ ነው። ያቋቋሙት አማቷ ጋሼ ጅራታ ናቸው። ከአባላቱ እሳቸው እጅ ላይ ሙያ ያልለመደ የለም። መጋዙም የእሳቸው ፈጠራ ነው፦ የብረት መቁረጫ ግራይንደር ገልብጠው ከጠረጴዛ ሥር አሰሩና ጥርስ ያለው የእንጨት ዲስክ ገጠሙለት። የዲስኩ ቀዳዳ ለግራይንደሩ ዘንግ ስለሚሰፋ፣ ክፍተቱን የሚሞላ የብረት ቀለበት በሞረድ አበጁ። ቀለበቱ ባረጀ ቁጥር ሌላ ይሞርዳሉ። መጋዙ ላይ የሚቆመው ልጃቸው ዋቁማ ነው፤ የኢብሴ ባል።

በ2005 ዓ.ም. ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የአሠራር ማሻሻያ ሥልጠና እኛም ከተማ ደረሰ። ኢብሴ ሄዳ ሠለጠነች፤ የማህበሩ የልማት ቡድንም መሪ ሆነች። ከዚያ በኋላ እሷን የሚያስቆማት ጠፋ። መሣሪያ ሁሉ ግድግዳ ላይ ቅርጹ ተስሎ ተሰቀለ። ሰጋቱራው ወለል ላይ መከመሩ ቀርቶ በተቆረጠ ጀሪካን ወደ ጆንያ ይወርድ ጀመር። ዋቁማ መጋዙን ሊያጠፋ ጠረጴዛ ሥር ማጎንበሱ ብክነት ነው ብላ ማብሪያ ማጥፊያውን ጉልበቱ አጠገብ አስመጣችው። ጣውላ ተደግፎ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት ሀዲድም አሠራች። እውነቱን ለመናገር መጋዙ አማረበት፤ ፈጠነም። ሲፈጥን ግን ይንቀጠቀጥ ጀመር። ድምፁ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል፤ ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው ያለ ድምፅ ነው።

አሰልጣኙ ሊጎበኝ ሲመጣ ስብሰባ ተጠራ። በካይዘን ደንብ ለአንድ ችግር አምስት ጊዜ ለምን ተብሎ ይጠየቃል፤ ሥሩ የሚገኘው አምስተኛው ላይ ነው ይላሉ። ኢብሴ ማርከር ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆመች። መጋዙ ለምን ይንቀጠቀጣል? ዲስኩ ስለሚዋልል። ለምን ይዋልላል? ቀለበቱ ልክ ስላልያዘው። ለምን አልያዘውም? በአንድ ጎኑ ስለሚወፍር። ለምን ይወፍራል? እኩል ስላልተሞረደ።

"ጎበዝ፣ አንድ ቀረን" አለ አሰልጣኙ። "ለምን እኩል አልተሞረደም?"

መልሱን ኢብሴ ታውቃለች። የአማቷ ዓይን እየጠፋ ነው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በር ላይ የቆመን ሰው ድምፁን እስኪሰሙ አይጠሩትም፤ ብረቱንም የሚሞርዱት በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ነው። እሳቸው ደግሞ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። በእኛ አገር ምራት የአማቷን ስም እንኳ አትጠራም፤ ለጉ ይሉታል። ቤተ ክርስቲያናቸው እንዲህ ያለውን ልማድ ተዉት ብትልም ኢብሴ አልተወችውም። ስማቸውን በአፏ ያላወጣች ሴት፣ ነውራቸውን በማርከር ሰሌዳ ላይ ልትጽፍ ነው።

በመጨረሻ ከአባላቱ አንዱ፣ ጉቱ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "መብራቱ ነው እንጂ። ሲዋዥቅ ሁሉንም ያዋልለዋል።"

ሁሉም ሳቀ፤ ሁሉም ተነፈሰ። ኢብሴም "የመብራት መዋዠቅ" ብላ ጻፈች። በሳምንቱ ስታቢላይዘር ተገዛ። መብራቱ ሲረጋጋ መጋዙ ከበፊቱ በረታ፤ ማፋጨቱም በረታ። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ እዚያ ግቢ ግን ሲነቅዝ ሰምቻለሁ። ኢብሴ ከዚያ ወዲህ ቫርኒሽ እየቀባች ጆሮዋ መጋዙ ላይ ነበር። ድምፁ ከፍ ሲል ብሩሿ ይቆማል፤ ዝቅ ሲል ትቀጥላለች።

ኡካ ላለ ትምህርት ቤት የታዘዘውን የተማሪ ወንበር ሲያጣድፉ፣ ዝናብ ሲያካፋ በዋለበት ቀን ቀለበቱ ተሰነጠቀ። ዲስኩ ጣውላውን ነክሶ ሳበው፤ የዋቁማን እጅም አብሮ ሳበ። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች እዚያው ቀሩ።

ሆስፒታል ጋሼ ጅራታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ፋሻውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"ምን ሆኖ ነው፣ ልጄ?" አሉ ወደ ኢብሴ ዞረው።

ኢብሴ አፏን ከፈተች። ዋቁማ ቀደማት። "መብራቱ ነው፣ አባ። ድንገት ዘለለ።"

ሽማግሌው ወጥተው ሲሄዱ ባሏ ላይ አፈጠጠች። "አንተም ታውቅ ነበር?"

"ድሮ ነው ያወቅሁት። አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅሁ።"

"እኔ ደግሞ አንተን። ልጃቸው አንተ ነህ።"

"አሁንም አባ እንዳይሰማ" አላት። "ያን ሞረድ ከነጠቅነው ይሞትብኛል። ቁስሌ ይዳን ብቻ፤ ጣውላውን በግራዬ እገፋለሁ።"

ኢብሴ እዚያው አለቀሰች፤ ከኀዘኑ ይልቅ ንዴቱ በልጦባት ነበር።

በማግስቱ ልብስ ልትወስድለት ወደ ቤት ስታልፍ የማህበሩ በር ክፍት ስለነበር ገባች። ደሙ ታጥቧል። የኡካው ሥራ አይቆምም ተብሎ ዋቁማን የሚተካው ጉቱ፣ ሽርጥ አስሮ መጋዙ አጠገብ ይጠብቃል። ጋሼ ጅራታ አዲስ ቀለበት ሞርደው ጨርሰዋል። ብረቱን ጣታቸው ላይ አዙረው አዙረው፣ የእግሯን ኮቴ ሲሰሙ ወደ እሷ ዘረጉት።

"እስቲ አንቺ እዪልኝ፣ ልጄ። ዛሬ ዓይኔን ጭጋግ ቢጤ ይዞታል። ክብ ነው አይደል?"

ተቀበለቻቸው። በአንድ ጎኑ ይወፍራል፤ ዓይን የሚያየው፣ አውራ ጣት የሚስተው ውፍረት ነው። ጉቱ አያት፤ አየችው። እሱም ወለሉን ማየት ጀመረ።

"ክብ ነው፣ አባ" አለች።

ጉቱ ቀለበቱን ከእጇ ወስዶ ዲስኩን ሊገጥም ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለ።